የመታጠቢያ ቤታችን ሻጋታና የበረኪና ደረሰኞቻችን
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ)



ከሒሳብ ክፍል ተነስተን ስለ ሻጋታ ማውራታችን ሳይገርማችሁ አይቀርም። ነገሩን ያመጣው ደረሰኝ ነው። የሩብ ዓመቱን ጥቃቅን ወጪ ስናመሳክር የበረኪናው ወጪ ከሳሙናው በልጦ አገኘነው። ብንጠይቅ ምክንያቱ የማሠልጠኛ ቤታችን ሻወር ነው። በሴራሚኮቹ መካከል ያለው ነጭ ሲሚንቶ ይጠቁራል፣ በበረኪና ይነጣል፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ተመልሶ ይጠቁራል።

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ መጀመሪያ የጠረጠርነው የምታጸዳውን እህታችንን ነበር። በደንብ አትፈትግም አልን፤ በጽሑፍም አስጠነቀቅናት። እሷም እልህ ያዛትና በረኪናውን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ቀላቅላ፣ በሩን ዘግታ ፈተገች። ዓይኗ እያነባ፣ ትንፋሽ አጥሯት እየሳለች ወጣች። አየር ወዳለበት አውጥተን ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ ደግነቱ ተሻላት። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ያወጣል። አቼቶም አሲድ ነው። አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር መቀላቀልም እንዲሁ አደገኛ ነው። ይህን አስቀድመን ማወቅና መንገር የነበረብን ዕቃውን የምንገዛው እኛ ነን። ይቅርታ ጠይቀናታል፣ ዛሬም በፊታችሁ እንደግመዋለን። ማስጠንቀቂያውም ከማኅደሯ ወጥቷል።

ከዚያ በኋላ ነው ግድግዳውን ረጋ ብለን ያየነው። ሴራሚኩ ውሃ ብዙም አይመጥም፤ መካከሉ ያለው ሲሚንቶ ግን ጥቃቅን ቀዳዳ ስላለው ይመጣል። ሻጋታ እርጥበት ካገኘ በሳሙና ቅሪትና በሰውነት እድፍ ይኖራል። በረኪና የላይኛውን ጥቁረት ያነጣል እንጂ ግድግዳውን አያደርቅም። የእኛ ክፍል ደግሞ እንዴት ይድረቅ? መስኮቱ በሌባ ፍራቻ በሚስማር ተመቷል፣ ሻወሩ ሌሊቱን ሙሉ ይንጠባጠባል፣ ክረምት ሲገባ ፎጣው ሁሉ እዚያው ይሰጣል። እህታችን ቀኑን ሙሉ ብትፈትግ ምን ልታመጣ!

የቧንቧውን ጎማ አስቀየርን። መስኮቱን አስከፍተን ከውጭ የብረት ፍርግርግ አስገጠምንለት። የተበላሸውን ሲሚንቶ አስፍቀን፣ ቦታው በደንብ ሲደርቅ አዲስ አስሞላን፤ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅም ሻወሩን ዘግተን ቆየን (ለዚህ ያጉረመረማችሁ አላችሁ፣ ሰምተናል)። አሁን የታጠበ ሁሉ ሲወጣ ግድግዳውን በመስታወት መጥረጊያ ጎማ ወደ ታች ይገፋል። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ጀማሪ ጥቁረት ሲታይ በብሩሽና በሳሙና ይፈተጋል። በረኪና ካስፈለገም ለብቻው፣ በውሃ ቀጥኖ፣ ጓንት ተደርጎና መስኮት ተከፍቶ ብቻ ነው።

ለጋሾቻችን ስላላችሁ ወጪውን አንደብቅም። ጥገናው ከአንድ ሩብ ዓመት የበረኪና ወጪ በልጧል። ደረሰኞቹ ጠረጴዛው ላይ ስላሉ ማየት ትችላላችሁ። ክረምቱን አልፈን እስካሁን ግድግዳው ነጭ ነው፤ ከበሩ ጀርባ ካለችው አንዲት ጥግ በስተቀር። እሷ መስኮት ተከፍቶም አልደረቀችም። ግድግዳው ውስጥ ያለው ቧንቧ ሳያፈስ አይቀርም ብለን ስለጠረጠርን ሴራሚኩ ተነስቶ መታየት አለበት። ለዚህ የተያዘ በጀት ስለሌለን የዛሬው ሦስተኛ አጀንዳ እንዲሆን አስይዘናል።