በግቢው በር ላይ ያለው ስም

በምሩቃን ማኅበሩ የደብረ ብርሃን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር

 ብርዱን የለመዳችሁት እናንተ ናችሁ። እኛ ከአዲስ አበባ የመጣነው ጋቢ ሳንይዝ ወጥተን እየተቀጣን ነው።

ስለ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ትንሽ እንድናገር ነው የተጠየቅሁት። እዚህ ከተማ ያለው ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ግቢውን በስማቸው ሰይሟል። ደስ ይላል። ግን ስም በር ላይ ሲሰቀል ቶሎ የሰፈር ስም ይሆናል፤ ታክሲ ሲጠራው፣ ሰው ሲቀጣጠርበት ይውልና ሰውዬው ይረሳል። እኔ እርሳቸው ካስተማሯቸው አይደለሁም፤ ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት ስገባ ከዩኒቨርሲቲው ከተባረሩ ዓመታት አልፈው ነበር። ስለዚህ የማወራው ዘግይቶ እንደ ደረሰ ልጅ ነው።

የተወለዱት በ1920 ዓ.ም. አዲስ አበባ ነው፤ ልጅነታቸው ድሬዳዋ አለፈ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በተደረገው ጭፍጨፋ አባታቸው ተገደሉ። እናታቸውም ብዙ አልቆዩም። ገና አሥር ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው እንግዲህ። ከዚያ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎ እስክንድርያ ቪክቶሪያ ኮሌጅ፣ ከዚያም ኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ፤ ሐኪም ሆነው ተመለሱ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሕክምና በአገራችን ረጅም ጊዜ የእንግዳ ሙያ ነበር። ከዚህ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀውን አንኮበርን አስቡ። በ1833 ዓ.ም. በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ወደ ሸዋ ሲመጣ ሐኪም አስከትሎ ነበር። ሐኪሙ ከመልእክተኛው ጋር መጣ፣ ከመልእክተኛው ጋር ሄደ። ከመቶ ዓመት በኋላም ሆስፒታሉ እዚሁ ይሠራ እንጂ ቀዶ ሕክምናውን የሚሠራው በአብዛኛው የውጭ ሰው ነበር። ፕሮፌሰር አሥራት ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ለዓመታት ካገለገሉ በኋላ እንደገና ኤድንብራ ሄደው ቀዶ ሕክምና ተምረው ሲመለሱ፣ በዘመናዊ ትምህርት ለዚህ ማዕረግ የበቁ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ተባሉ። በንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ የታመኑ ሐኪም ነበሩ፤ የንጉሥ ሐኪም ሆኖ መኖር ይበቃቸው ነበር። እርሳቸው ግን በ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የሕክምና ፋኩልቲው ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ፤ ኋላም በዲንነት መሩት።

ይሄ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ቀዶ ሕክምና ከመጽሐፍ ብቻ አይለመድም። አንድ ሰው አጠገብህ ቆሞ እጅህን ያያል፣ «ቆይ» ይልሃል፣ ሌሊት ስትጠራው ይመጣል። ያ ሰው ያስተማረው ሌላውን ያስተምራል። እኔን ያስተማሩኝ ቀዶ ሐኪሞች ከእርሳቸው ወይም ከእርሳቸው ተማሪ የተማሩ ናቸው። ዛሬ እዚህ ግቢ የሚማረው ልጅም ሳያውቀው በዚሁ ሐረግ ላይ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ከባዱ ነገር። ሐኪሙን እናክብር፣ ፖለቲከኛውን እንተወው የሚሉ ወዳጆች አሉ። ስብሰባችን እንዳይበጠበጥ በማሰብ ነው፤ ሐሳቡ ይገባኛል። ግን አልስማማም። በሰኔ 1983 ዓ.ም. ወደ ሽግግሩ ጉባኤ የገቡት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወኪል ሆነው ነው። እዚያ አዳራሽ ውስጥ የተቃወሙት በመምህርነታቸው ነው፤ ከሞላ ጎደል ብቻቸውን። በጥር 1984 ዓ.ም. የመላው ዐማራ ሕዝብ ድርጅትን መሠረቱ። በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. ከ40 በላይ ከሚሆኑ መምህራን ጋር ከዩኒቨርሲቲው ተሰናበቱ። በድርጅቱ መንገድ የሚስማማም የማይስማማም እዚህ እንዳለ አውቃለሁ፤ ይኑር። ያን ሁሉ ያደረገው ሰው ግን ያው ፋኩልቲውን የመሠረተው ሰው ነው።

ደብረ ብርሃንም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለችም። በታኅሣሥ 1985 ዓ.ም. እዚህ ከተማ ሕዝብ በተሰበሰበበት ተናገሩ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያ ንግግር ምክንያት ሦስት ዓመት ተፈረደባቸው። ቀድሞ በሌላ ክስ የተፈረደባቸው ሁለት ዓመት ነበረ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል የኅሊና እስረኛ አላቸው።

እስር ቤት ሳሉ ልባቸው ታመመ። የውስጥ ደዌ ሐኪም ስለሆንኩ ይሆናል፣ ከታሪካቸው ሁሉ እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄኛው ነው። ከ65 ዓመት ያለፈ ሰው፣ የልብ ሕመም፣ እስር። የልብ ሕመም የፍርድ ቤት ቀጠሮ አይጠብቅም፤ በእያንዳንዱ ወር የሚሞተው የልብ ጡንቻ ተመልሶ አይመጣም። ሆስፒታል ተኝተው ወራት ቆይተው፣ በታኅሣሥ 1991 ዓ.ም. ለሕክምና ወደ ውጭ እንዲሄዱ ተፈቀደ። ግንቦት 6 ቀን 1991 ዓ.ም. ፊላደልፊያ አረፉ፤ ዕድሜያቸው 70 ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሕሙማን እዚሁ አገር ቤት እንዲታከሙ የደከሙት ሰው የሞቱት ባሕር ማዶ ነው። አስከሬናቸው መጥቶ አዲስ አበባ ተቀበረ።

የማቀርበው አንድ ጥያቄ አለኝ። አብረዋቸው ቀዶ ሕክምና ክፍል የገቡ፣ በፈተናቸው የወደቁና ያለፉ፣ የተቆጧቸው ታላላቆቻችን እያነሱ ነው። ስለ ፖለቲካቸው ብዙ ተጽፏል፤ አልጋ ዳር ታማሚ እንዴት ይመረምሩ እንደነበር፣ ተማሪን እንዴት ይጠይቁ እንደነበር የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። ከምሳ በኋላ ከመግቢያው በስተቀኝ ባለችው ትንሿ ክፍል ሁለት ወጣት ሐኪሞች ድምፅ መቅጃ ይዘው ይቀመጣሉ። ጋሼ፣ እትዬ፣ እባካችሁ ሳትነግሯቸው ወደ አውቶቡሱ አትሂዱ። የሚቀዳው አንድ ቅጂ ለእኛ ማኅበር፣ አንዱ ደግሞ ለዚህ ግቢ ቤተ መጻሕፍት ይሰጣል።