ስለ ሥፍራ ጨዋታና ስለ ጀፎረ



ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ የጨዋታ ኩባንያ ነው። ጨዋታው እንደ ገበጣ በተቀመጡበት የሚጫወቱት አይደለም፤ ሞባይል ይዞ በእግር መሄድ ግድ ይላል። ስልኩ ከሳተላይት በሚደርሰው ምልክት ተጫዋቹ ያለበትን ሥፍራ ያውቃል፤ በካሜራው ሲመለከቱም በእውነተኛው መንገድ ላይ ምናባዊ እንስሳ ቆሞ ይታያል። ኩባንያው ኒያንቲክ ይባላል። መሥራቹ ጆን ሃንኬ ጉግል ኧርዝ የተባለውን የዓለም ካርታ ካስገኙት ሰዎች አንዱ ነው። ኩባንያው በፈረንጆች አቆጣጠር በ2010 በጉግል ውስጥ ተቋቁሞ በ2015 ራሱን ቻለ፤ በ2016 ያወጣው ፖኪሞን ጎ ብዙ ሚሊዮን ሰዎችን በየጎዳናው አሰማራ።

የጨዋታው ምሰሶ ግን እንስሳው ሳይሆን ሥፍራው ነው። ተጫዋቹ ስንቁን የሚያገኘው በሐውልትና በአደባባይ ዘንድ ሲሆን፣ የእነዚህንም ስምና ፎቶግራፍ በብዛት ያስመዘገቡት ተጫዋቾች ናቸው። መዝጋቢ ያጣ ከተማ በጨዋታው ዓለም ባዶ ሜዳ መስሎ ይቀራል።

እንግዲህ ወደ ጉራጌ አገር እንምጣ። ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ የሚወርድ መንገደኛ የጢያን ትክል ድንጋዮች ያገኛል፤ 36 ሲሆኑ 32ቱ ቅርጽ አለባቸው፤ ዩኔስኮም በፈረንጆች 1980 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። እነዚህስ መዝጋቢ አላጡም። በወልቂጤ ዙሪያ ባሉት መንደሮች ያለው ጀፎረስ? ጀፎረ ቤቶች በግራና በቀኝ ያጀቡት ሰፊ የሣር ጎዳና ነው። ልጆች ይጫወቱበታል፤ ሽማግሌዎች ይመክሩበታል፤ ሠርግና ለቅሶ ይዋልበታል፤ ወሰኑንም የአገሩ ደንብ ይጠብቀዋል። ከሰማይ ለሚያየው ካርታ ሠሪ ግን የከብት መሰማሪያ ብቻ ነው።

ታዲያ ወጣቶቻችን ይመዝግቡት ልል ስል አንድ ነገር ያዘኝ። ኩባንያው በ2025 ጨዋታዎቹን ስኮፕሊ ለሚባል ድርጅት በ3.5 ቢሊዮን ዶላር ሸጠ፤ የካርታውን ሥራ ግን አልሸጠም፣ ኒያንቲክ ስፓሻል በሚል ስም ለይቶ አቆመው። ከዚያ በፊት በ2024፣ ተጫዋቾች ሥፍራዎችን እየዞሩ ባነሡት ምስል ጭምር፣ መሣሪያዎች ቦታን ለይተው የሚያውቁበትን ዘዴ እንደሚሠራ አስታውቆ ነበር። ምስሉን ማንሣቱ በውዴታ ነው፤ ነገር ግን ያ ሁሉ ተጫዋች ያለ ደመወዝ የመሬት ቀያሽ መሆኑን ስንቱ ዐወቀ?

ስለዚህ የእኔ ምክር ቅደም ተከተሉን ይመለከታል። ማንም በነፃ የሚጽፍበትና የሚወስድበት ኦፕን ስትሪት ማፕ የሚባል የጋራ ካርታ አለ፤ ፖኪሞን ጎም ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ የጎዳናዎቹን መልክ የወሰደው ከዚሁ ነው። የወልቂጤ ተማሪ አስቀድሞ በዚያ ላይ፣ ሽማግሌ ጠይቆ፣ “ሜዳ” ሳይል “ጀፎረ” ብሎ ይጻፍ። ለኩባንያ መስጠቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። የሰው ግቢም ያለ ፈቃድ አያንሣ።

የቡታጅራው ወጣት ደግሞ አንገቱን ወደ ስልኩ ደፍቶ ሲሄድ ግራ ቀኙን ይመልከት፤ የከተማው ባጃጅ ለምናባዊ እንስሳ አይቆምምና።