ለታመመ ሕፃን ሰው መሆን



መፃጉዕ 38 ዓመት የተኛው ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው በማጣቱ ነበር። በመተማ ቆላም በጉሮሮ ሕመም የጀመረ ደዌ ልቡን የጎዳው ሕፃን ሰው ይሻል። ዶክተር በላይ አበጋዝና ባልደረቦቻቸው ስለ ደከሙ በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል ተከፈተ፤ ነገር ግን ከዚህ መንገዱ ከ800 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። አባት ሰሊጡን ሸጦ ይወስደዋል፤ እናት ከአልጋው ሥር ታድራለች። ከቀዶ ጥገናውም በኋላ የፔኒሲሊኑ መርፌ በየ4 ሳምንቱ ለዓመታት ይቀጥላል። ቁስሉ ሲሽር ሕመሙ ያለቀ ይመስላልና፥ የሰሊጥ አረም ሲደርስ ቀኑ ይዘነጋል። ስለዚህ ጎረቤት ለአባቱ በአረሙ ወንፈል ይግባለት፤ ማኅበርተኛም እንደ ጽዋው ተራ የመርፌውን ቀን ይቁጠርለት። ያን ጊዜ ሕፃኑ ሰው አገኘ ይባላል።