ሁለተኛው ናሙና
በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የንባብ ቡድኑ ያቀረበው ንግግር



ባለፈው ዓመት ስለ ስኳር በሽታ ስናቀርብ ብዙዎቻችሁ ማስታወሻ ይዛችሁ ነበር። የዘንድሮው ርእሳችን ለቡና ወሬ አይመችም። ልጆቹ ወደ ጎን ክፍል እስኪገቡ የጠበቅነውም ለዚህ ነው። ዘመኑን ሁሉ የምንጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑንም ከወዲሁ እንናገራለን።

ነገሩ የተጀመረው በምራቅ ነው። ከቡድናችን አባላት አንዷ እናታችን የልጅ ልጃቸው ለገና በዓል ትንሽ ሣጥን አመጣላቸው። ምራቅ ተደርጎበት በፖስታ ይላካል፤ ከዚያ የዘር ሐረግ ይነገራል የሚባለው ዕቃ ነው። እሳቸውም ሣጥኑን ይዘው መጡና፣ «ልጆቼ፣ ምራቄ ከዚህ ወጥቶ የት ነው የሚሄደው?» ብለው ጠየቁን። መልሱን ስንፈልግ እዚሁ በምንኖርበት በካሊፎርኒያ ለአርባ ዓመት ያህል ሳይፈታ የኖረ የወንጀል ታሪክ ላይ ደረስን። ክረምቱን ሙሉ ስናነብና ስንከራከር ከረምን።

ከ1976 ጀምሮ በሳክራሜንቶ አካባቢ አንድ ሰው ሌሊት እየገባ ሴቶችን ይደፍር ነበር። መጀመሪያ ብቻቸውን ያሉትን ነበር። በኋላ ግን ባል አጠገባቸው ተኝቶ እያለ፣ እሱን አስሮ፣ በጀርባው ላይ ሳህን ደርድሮ፣ «ሳህኑ ሲንኳኳ ከሰማሁ ሁላችሁንም እገድላለሁ» እያለ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ወደ ሃምሳ የሚጠጉ ሴቶች ተደፈሩ። ከዚያ ወደ ደቡብ ወረደና መግደል አበዛ። እስከ 1986 ድረስ የተገደሉት 13 ሰዎች ናቸው። የሰሜኑ ፖሊስ አንድ ስም አወጣለት፣ የደቡቡ ሌላ ስም። አንድ ሰው መሆኑ በዲኤንኤ የተረጋገጠው በ2001 ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ቡድናችንን ከሁሉ ይበልጥ ያስቆጣው ይህ ነውና። በዚያን ዘመን በካሊፎርኒያ ሕግ የአስገድዶ መድፈር ክስ የይርጋ ጊዜው ሦስት ዓመት ነበር። ሦስት ዓመት ካለፈ ሰውየው ራሱ መጥቶ «እኔ ነኝ» ቢል እንኳ በመድፈር አይከሰስም ማለት ነው። ክስ ከሌለ ደግሞ ማስረጃ ለምን ይቀመጣል? በሳክራሜንቶ ሴቶቹ ሆስፒታል ሄደው፣ ያንን የሚያሳፍርና የሚያም ምርመራ ችለው የሰጡት ናሙና ይርጋው ሲያልፍ ተጣለ። የመደርደሪያ ቦታ ለማስለቀቅ ነው። በኮንትራ ኮስታ ካውንቲ ግን የሦስት ሴቶች ናሙና ሳይጣል ተርፎ ነበር። ሰሜኑን ከደቡቡ ያገናኘው ያ ነው። ከሃምሳ ሴቶች መከራ ለምስክርነት የተረፈው የሦስቱ መሆኑን ስናነብ አንዲት እህታችን ተነሥታ ወጥታ ለጥቂት ጊዜ በረንዳው ላይ ቆመች። ለምን እንደወጣች አልጠየቅናትም።

አሁን ወደ ሚሼል ማክናማራ እንምጣ። ሚሼል ፖሊስ አይደለችም፣ ጠበቃም አይደለችም። ሎስ አንጀለስ የምትኖር ጸሐፊ፣ የአንዲት ትንሽ ልጅ እናት ነበረች። አሥራ አራት ዓመቷ ሳለ በሰፈራቸው አንዲት ወጣት ተገድላ ገዳዩ አልተያዘም፤ ጥያቄው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አልለቀቃትም። ልጇን አስተኝታ ሌሊቱን የድሮ ካርታ፣ የድሮ ስልክ ማውጫ፣ የድሮ የፖሊስ መዝገብ ስታገላብጥ ታድራለች። «የጎልደን ስቴት ገዳይ» የሚለውን ስም በ2013 ያወጣችለት እሷ ናት። ሁለቱ ስሞች ሰውየውን ለሁለት ከፍለውት ስለነበር አንድ ስም ያስፈልገው ነበር። እንደ እሷ ያሉ፣ ደመወዝ የማይከፈላቸው፣ ቀን ሌላ ሥራ የሚሠሩ ብዙዎች ነበሩ። ተሳስተዋልም። እሷ ራሷ አንድ ጊዜ ከተጠቂዎች ቤት የተሰረቀ የእጅጌ ቁልፍ የሚመስል ጥንድ በኢንተርኔት ሲሸጥ አግኝታ፣ «ተገኘ!» ብላ አስልካ ነበር። ያ አልነበረም። ይህን ራሷ ጽፋዋለች፤ እኛም ያመንናት ስለዚህ ነው።

ምርመራውን ከያዙት መኮንኖች ጋር ተወዳጅታ፣ ታምና፣ በ2016 መጀመሪያ ከኦሬንጅ ካውንቲ ሁለት መኪና የሞላ የመዝገብ ሣጥን ወደ ቤቷ ይዛ ሄደች። ሣጥኖቹን አንብባ አልጨረሰችም። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ውስጥ ተኝታ ሳለ ሞተች፤ 46 ዓመቷ ነበር። የወሰደቻቸው መድኃኒቶች ማንም ካላወቀው የልብ ሕመም ጋር ተደምረው ነው ተብሏል። የቡድናችን ነርሶች በዚህ ነጥብ ላይ ረጅም ጊዜ ተነጋገሩ። የሰውን መከራ ሌሊት ሌሊት ለብቻ ማንበብ ምን ያህል እንደሚጎዳ በሥራቸው ያውቁታል። መጽሐፉን ባለቤቷና አብረዋት የሠሩ ሰዎች ጨርሰው በየካቲት 2018 አሳተሙት።

ሰውየው የተያዘው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ፖሊስ በመግለጫው መጽሐፉ ወደ ተጠርጣሪው የሚመራ መረጃ እንዳልሰጠ ተናገረ። ቡድናችን በዚህ ላይ ሁለት ተከፈለ። ግማሾቻችን «ታዲያ የደከመችው ለምንድን ነው?» አልን። ግማሾቻችን ደግሞ፣ ማንም የማያነሣው መዝገብ ከመደርደሪያ አይወርድም፤ እሷ ስሙን ባታነሣ ማን ገንዘብና ሰው ይመድብለት ነበር አልን። እስካሁን አልተስማማንም።

የያዘው መንገድ ሌላ ነው፤ እሱም በጡረታ ላይ ባሉ አንዲት ሴት በኩል ያልፋል። ባርባራ ሬ-ቬንተር ይባላሉ። የፈጠራ መብት ጠበቃ ሆነው ሠርተው በጡረታ ቤታቸው ከተቀመጡ በኋላ፣ በማደጎ ያደጉ ሰዎች ወላጆቻቸውን በዲኤንኤ እንዲያገኙ በነጻ መርዳት ጀመሩ። ሥራውን የለመዱት እዚያ ነው። የኮንትራ ኮስታው መርማሪ ፖል ሆልስ ይህን ሰምቶ እርዳታቸውን ጠየቀ።

ግን በምን ናሙና? ያለው ለዓመታት ሲመረመር ኖሮ ሊያልቅ ደርሷል። በ1980 በቬንቱራ ካውንቲ አንድ ባልና ሚስት ተገድለው ነበር። የካውንቲው አስከሬን መርማሪ ሐኪም አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ናሙና ሲወስዱ ሁለት ጊዜ ይወስዱና ሁለተኛውን ያስቀምጡታል። በጊዜው ዲኤንኤን ለወንጀል ምርመራ የሚጠቀም ማንም አልነበረም። ያ ሁለተኛ ናሙና ሠላሳ ሰባት ዓመት ያህል ማቀዝቀዣ ውስጥ ቆይቶ ሳይነካ ተገኘ።

ከዚያ በኋላ ያለው ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። እኛ ሰባት ቤት የምንቆጥረው ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው፤ እነሱ የቆጠሩት ዘመድ ዘመዱን እንዲያጋልጥ ሆነ። የናሙናው ዲኤንኤ ሰዎች ዘመዶቻቸውን ለመፈለግ ውጤታቸውን በፈቃዳቸው ወደሚያስገቡበት ጄድማች ወደሚባል መዝገብ ገባ። በዚያ መዝገብ የተገኙት የሩቅ ዘመዶች ናቸው። ከእነሱ ወደ ላይ እየተቆጠረ በ1800ዎቹ መጀመሪያ የኖሩ የጋራ አያቶች ዘንድ ተደረሰ። ከዚያ ደግሞ በሕዝብ ቆጠራ፣ በልደት፣ በጋብቻና በቀብር መዝገብ እየታገዙ ወደ ታች መውረድ ነው፤ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ የልጅ ልጅ ልጅ። ወንዶቹ ተለዩ፤ ዕድሜያቸው የሚገጥመው ተለዩ፤ በዚያ ዘመን ካሊፎርኒያ የነበሩት ተለዩ። ዲኤንኤው የሰውየው ዓይን ሰማያዊ መሆኑን ይጠቁም ነበር። ከቀሩት ጥቂት ሰዎች መንጃ ፈቃዱ ላይ ሰማያዊ ዓይን የተጻፈለት አንዱ ጆሴፍ ጄምስ ዲአንጄሎ ነበር።

72 ዓመቱ ነበር። በሳክራሜንቶ ዳርቻ ሲትረስ ሃይትስ በምትባል ከተማ፣ ሴቶቹ ከተደፈሩበት ሰፈር ብዙም ሳይርቅ ይኖር ነበር። ሲደፍር በነበረበት ዘመን ደግሞ ፖሊስ ነበር፤ እስከ 1979 ድረስ። ከሥራ የተባረረው መዶሻና የውሻ ማባረሪያ ከሱቅ ሲሰርቅ ተይዞ ነው። ሴቶቹ በ1976 እና በ1977 ስልክ አንሥተው ፖሊስ ሲጠሩ፣ እሱ ራሱም የፖሊስ ደንብ ልብስ ይለብስ ነበር። ይህን ስናነብ ዝም አልን።

ሆልስ ጡረታ ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው መኪናውን ከቤቱ ፊት ለፊት አቁሞ፣ በሩን ላንኳኳ ወይስ ልተው ሲል ቆይቶ ሄደ። መተዉ ደግ ነበር፤ እርግጠኛ አልነበሩምና። ከዓመት በፊት በሌላ ዓይነት የዘር ፍለጋ ተሳስተው በኦሪገን በአረጋውያን መጦሪያ ያለ አንድ ንጹሕ ሽማግሌን ናሙና ወስደውበት ነበር። ስለዚህ ሰውየውን ተከታተሉት። ሱቅ ሲገባ ከመኪናው በር እጀታ ናሙና ወሰዱ፤ ቀጥሎ ከቆሻሻ መጣያው የተጣለ ሶፍት አነሡ። ገጠመ። ሚያዝያ 24 ቀን 2018 ያዙት።

ክሱ ሲዘጋጅ ያ የይርጋ ሕግ እንደገና ብቅ አለ። የስድስት ካውንቲ ዐቃብያነ ሕግ ተሰብስበውም በመድፈር ሊከሱት አልቻሉም። ያገኙት መውጫ ጠለፋ ነው፤ 13 ግድያና 13 ጠለፋ። በሰኔ 2020፣ ኮቪድ ስለነበረ፣ ችሎቱ በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ተቀመጠ። የሞት ቅጣቱ እንዲቀርለት ጥፋተኝነቱን አመነ፤ ያልተከሰሰባቸውን ደፈራዎች ጭምር። የእያንዳንዷ ጉዳይ እየተነበበ፣ እሱም እያመነ፣ ሰዓታት ፈጀ። በነሐሴ ደግሞ ሴቶቹና የሟቾቹ ቤተሰቦች ሦስት ቀን ሙሉ ተናገሩ። እሱ በተሽከርካሪ ወንበር፣ አቅመ ደካማ መስሎ ተቀምጧል፤ ዐቃቤ ሕግ ግን በእስር ክፍሉ ውስጥ ዕቃ ላይ ሲወጣና ሲወርድ የሚያሳይ ቪዲዮ ነበራቸው። በመጨረሻው ቀን ከወንበሩ ተነሥቶ ቆመና አጭር ይቅርታ ተናገረ። የተፈረደበት ዕድሜ ልክ ነው፤ በአመክሮ አይወጣም። ለአርባ ዓመት በመዝገብ ላይ ስማቸው ተሰውሮ የነበረ ሴቶች በችሎት ፊት በራሳቸው ስም ቆመው ተናገሩ።

አሁን ወደ ራሳችን። በዚህ ግዛት ከጥር 1 ቀን 2017 ወዲህ ለሚፈጸም አስገድዶ መድፈር የይርጋ ገደቡ ተነሥቷል። «ቆይቷል፣ አልፏል» የሚሏችሁን አትስሙ። የሆስፒታሉ ምርመራ ገንዘብ አያስከፍልም፤ ፖሊስ ጋ ለማመልከት ገና ያልወሰነች ሴትም ልትመረመር ትችላለች። ልብሱ አይታጠብ፤ በላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ፤ ላስቲክ እርጥበት ይይዝና ያበላሸዋል። ይህን ደግመን የምንናገረው ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት እህታችን ድንገተኛ ክፍል ስትገባ የሚያስተረጉምላት ጠፍቶ፣ የደረሰባትን የተናገረላት የጎዳት ሰው ራሱ ስለነበረ ነው። ደጋፊዎቻችን በሰጣችሁት ገንዘብ የሥልጠና ክፍያ የተከፈለላቸው አምስት እህቶች አሁን በሌሊትም ቢሆን ስልክ ያነሣሉ። ተራ ለመግባት የምትፈልጉ የስም መዝገቡ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አለ። እሑድ ሌሊት የሚይዝ ሰው አጥተናል።

የምራቁን ጥያቄ አልረሳነውም። ጄድማች በ2019 ደንቡን ቀይሮ፣ ባለቤቱ ካልፈቀደ ፖሊስ እንዳይፈልግበት አድርጎ ነበር። ሌሎቹ ድርጅቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ደንብ ስላላቸው፣ ከመላካችሁ በፊት ወረቀቱን ለሚያነብላችሁ ስጡ። አንድ ሰው ምራቁን ሲሰጥ የእኅቱን፣ የአጎቱን ልጅ፣ ያልተወለደውንም አብሮ ይሰጣልና፣ ከቤተሰብ ጋር መመካከር ያስፈልጋል። ከመካከላችን «አንዱ ወንጀለኛ ከተያዘ ይበቃል፣ እልካለሁ» ያለች አለች። «የመንግሥት መዝገብ በአገራችን ምን እንዳደረገን አትርሱ» ያለችም አለች። የእናታችን ሣጥን ሳይከፈት አሁንም ቡፌያቸው ላይ ነው። ከወንድሞቻቸው ጋር ተነጋግረው የሚሉትን በሚቀጥለው ወር ይነግሩናል።