ሳይጋገር የሚሠራ የቸኮላት ጣፋጭ ለቡና ሰዓት
(ለወላጆች ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የማነጋግራችሁ ልጆቻችን «ካዱሬ ሾኮላድ» ስለሚሉት የቸኮላት ድቡልቡል ነው። ነገሩ ተራ ቢመስልም ጥቅሙ ከጣፋጭነት ያልፋል። ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ዕብራይስጡን ይዘው ይገባሉ፤ እኛም በአማርኛ ወይም በትግርኛ እንቀበላቸዋለን። በብዙ ቤት ጭውውቱ «በላህ? የቤት ሥራህን ሠራህ?» ከማለት አያልፍም። አብሮ መሥራት ግን አፍ ያስከፍታል።

የሚያስፈልገው 250 ግራም ተራ ብስኩት፣ 100 ግራም የገበታ ቅቤ፣ ግማሽ ኩባያ ስኳር፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ካካዎ፣ ግማሽ ኩባያ ወተትና ጥቂት የተፈቀፈቀ ኮኮናት ነው።

በየማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ልጁ ያንብብላችሁ፤ እናንተም የየዕቃውን ስም በአማርኛ ንገሩት። ብስኩቱን እሱ በሙቀጫ ያድቅቀው፤ ጥቂት ፍርፋሪ ቢቀርበት ይጣፍጣል። እሳቱ የእናንተ ሥራ ነው። ወተቱን፣ ስኳሩን፣ ካካዎውንና ቅቤውን በቀዝቃዛ እሳት እያማሰላችሁ አቅልጡ፤ ከዚያም ብስኩቱ ላይ አፍስሳችሁ ለውሱት። በረድ ሲል እጃችሁን በውሃ እያራሳችሁ ከጉርሻ አነስ አድርጋችሁ አድቦልቡሉ። በኮኮናቱ ላይ አንከባልላችሁ ለአንድ ሰዓት ያህል ማቀዝቀዣ ውስጥ አቆዩት። ልውሱ ከላላ ብስኩት፣ ከደረቀ ወተት ጨምሩ።

ሥጋ ለተበላበት ማዕድ ከሆነ በቅቤው ፈንታ ወተት የሌለበት ማርጋሪን፣ በወተቱ ፈንታ ውሃ ይግባ። ብስኩቱም ወተት ሊኖርበት ስለሚችል ማሸጊያው ላይ «ፓርቬ» የሚል መኖሩን ልጁ ይመልከት። ለሰንበት የሚሆነውን ዓርብ በጊዜ ሠርታችሁ ጨርሱ። አንዳንድ ሕፃናትን የሚጎዳቸው ምግብ ስላለ፣ ወደ መዋዕለ ሕፃናት ከመላካችሁ በፊት አስተማሪዋን ጠይቁ።

ቡናው ሲፈላ ቆሎው በአንድ ሳህን፣ ድቡልቡሉ በሌላው ይቅረብ። ልጁ ራሱ ለአያቱ ያቅርብ። «ይህ ምንድን ነው? እንዴት ሠራኸው?» ብላ ስትጠይቀው መልሱን በእሷ ቋንቋ ለመፈለግ ይገደዳል፤ ቃል ሲያጥረው አጠገቡ ሆናችሁ አቀብሉት። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ተራው የእናንተ ነውና ቆሎ መቁላት አስተምሩት።