ከአሮጌ ሚኒባስ ወለል ላይ የተበየደ የወንበር እግር ስለ መንቀል



በከተሞቻችን ሰው ሲያመላልሱ ከኖሩት ሚኒባሶች ጥቂት የማይባሉት ከፋብሪካ ሲወጡ ለዕቃ መጫኛ የታሰቡ ነበሩ። ወንበራቸው የተበየደው እዚሁ ነው። ባለቤቱ ዕቃ ሊጭንበት ወይም ወንበሩን በአዲስ ሊተካው ሲፈልግ፣ ብየዳውን የመንቀሉ ሥራ ወደ እኛ ይመጣል። ሥራው ቀላል ስለሚመስል ለጀማሪ ይሰጣል። ለእኔም በጀማሪነቴ ተሰጥቶኝ ነበር።

ያን ጊዜ ከላይ የሚታየውን ብረት ብቻ ተመልክቼ ግራይንደሩን አሳረፍሁበት። እግሩ ተቆረጠ፤ ዲስኩ ግን ወለሉን አልፎ ከሥር የተዘረጋውን የፍሬን ቱቦ ነክቶት ኖሯል። አንድ አዛውንት መካኒክ «መኪናው ሳይወጣ ፍሬኑን ርገጠው» አሉኝ። ብረግጠው ዘይቱ መሬት ላይ ፈሰሰ። እርሳቸው ባይኖሩ ኖሮ ጉዳቱ የሚታወቀው ቁልቁለት ላይ ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ተግባር ከመኪናው ሥር መግባት ነው። የነዳጅ ማጠራቀሚያው፣ የፍሬን ቱቦውና የኤሌክትሪክ ሽቦው የሚያልፉበት ቦታ ተለይቶ፣ ከላይ በጠመኔ ምልክት ይደረግበት። የባትሪው ኔጋቲቭ ገመድ ይፈታ፤ ምንጣፉና ስፖንጁ ይነሣ፤ እሳት ማጥፊያ ይቅረብ። ከነዳጅ ማጠራቀሚያ አጠገብ በኦክሲጅንና በአሴቲሊን መቁረጥ ፈጽሞ አይገባም። ዚንክ የተለበጠ ብረት ሲቃጠል የሚወጣው ጢስም ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ትኩሳት ያመጣል።

የወለሉ ላሜራ ውፍረት ከ1 ሚሊሜትር እምብዛም አይርቅም። ስለሆነም እግሩን ከወለሉ 1 ወይም 2 ሴንቲሜትር ከፍ አድርጎ መቁረጥ፣ ከዚያም የብየዳውን ጉብታ ብቻ በጥቂት በጥቂቱ መሞረድ ይበጃል። በነጥብ የተበየደ ከሆነ፣ የላይኛውን ብረት ብቻ በ8 ሚሊሜትር ፑንታ በስቶ በብረት መሮ ማላቀቅ ይቻላል። ላሜራው እንዳይግል እያረፉ መሥራት ያስፈልጋል። በመጨረሻ ቀዳዳው ይደፈናል፤ የተራቆተው ብረት ከላይም ከሥርም የዝገት መከላከያ ቀለም ይቀባል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን ያስፈልጋል የሚል ይኖር ይሆናል። 70 ኪሎ የሚመዝን ተሳፋሪ ቀበቶው ከወንበሩ ጋር ቢታሰርና በግጭት ጊዜ የክብደቱ 20 እጥፍ የሆነ ኃይል ቢደርስበት፣ ወንበሩ የሚሸከመው ጫና 1,400 ኪሎ ያህል ነው። ይህን ጫና የሚቀበለው ደግሞ እኛ ቆርጠንና ሞርደን የተውነው ወለል ነው። ወንበሩን የምንነቅለው ለባለ መኪናው ቢሆንም፣ ወለሉን የምንጠብቀው ለማናውቀው ተሳፋሪ ነው።