በረዶ በውስጡ ወዴት ዞሮአል? (በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የተደረገ ንግግር)



በክረምት በጦር ኃይሎች ሠፈር የቆርቆሮውን ጣራ እየደበደበ የሚወርደውን በረዶ የማያውቅ ከመካከላችን የለም። ሕፃናት ይለቅሙታል፤ ጥቂት ቆይቶ ይቀልጣል፤ ነገሩም በዚያው ይረሳል። ይሁን እንጂ በረዶ በውስጡ ታላቅ ሥርዓት አለው። የውሃ ቅንጣቶች ባለ ስድስት ማዕዘን ቅርጽ እየሠሩ በንጣፍ በንጣፍ ይደረደራሉ፤ በአንድ ሥርዓት የተደረደረውም ክፍል ክሪስታል ይባላል። አንድ ቁራጭ በረዶ ብዙ ክሪስታሎች ሲኖሩት፤ የእያንዳንዱ ንጣፍ ወደየራሱ አቅጣጫ ሊያዘነብል ይችላል።

ይህን ማወቅ ምን ይጠቅማል? ደብተሮችን ደራርባችሁ ከላይ ብትጫኑ ክምሩ ይጸናል፤ ወደ ጎን ብትገፉት ግን አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል። የበረዶም ክሪስታል እንዲሁ ነው። በግሪንላንድና በአንታርክቲካ ያለው የበረዶ ግግር ጠጣር ቢመስልም በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ወደ ባሕር ይፈሳል፤ ፍጥነቱንም ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ የክሪስታሎቹ አቅጣጫ ነው።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከብዙ ሺሕ ዓመታት በፊት በባሌ ተራሮች ላይ የበረዶ ግግር እንደ ነበረ ትቶአቸው የሄደው የድንጋይ ክምሮች ይመሰክራሉ። ዛሬም የሩቁ ግግር ወደ ባሕር በገባ መጠን የባሕር ከፍታ ይጨምራል፤ የአገራችን ዕቃ በብዛት የሚገባው በጅቡቲ ወደብ ነውና ጉዳዩ እኛንም ይነካል።

ሊቃውንት አቅጣጫውን ለመለካት ስስ የበረዶ ቅጠል በፖላራይዝድ ብርሃን ይመለከታሉ። ይህ ዘዴ ንጣፎቹ ወዴት እንዳዘነበሉ ያሳያል እንጂ ስድስቱ ማዕዘኖች ወዴት እንደ ዞሩ አይናገርም። ሙሉውን የሚነግረን የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው። በረዶው አየር በሌለበት ክፍል ተኖ እንዳይጠፋ ከዜሮ በታች 100 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፤ ወደ 70 ዲግሪ አዘንብሎም የኤሌክትሮን ጨረር ያርፍበታል። ተመልሰው የሚወጡት ኤሌክትሮኖች በስክሪን ላይ የተሻገሩ መስመሮች ይሥላሉ፤ ኮምፒዩተርም ከእነርሱ አቅጣጫውን ያሰላል። መስመሮቹ በ1928 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለውን ምልክት ባገኘው በጃፓናዊው ሊቅ በሴይሺ ኪኩቺ ስም ይጠራሉ።

ይህ መሣሪያ ዋጋው ብዙ ነው፤ የፊተኛው ዘዴ ግን በትምህርት ቤታችን ሊሞከር ይችላል። በጣም ስስ በረዶ በሁለት የፖላራይዝድ ፕላስቲኮች መካከል አድርጋችሁ፤ አንዱን ፕላስቲክ እያዞራችሁ ወደ ብርሃን ተመልከቱ። ክሪስታሎቹ እንደ አቅጣጫቸው በልዩ ልዩ ቀለም ተለይተው ይታያሉ። መምህራኖቻችን ሁለቱን ፕላስቲኮች እንዲያስገኙልን በትሕትና እለምናለሁ፤ በረዶውን እኛ እናቀርባለን።